የመጀመሪያው እንቢታ

ኸይረዲን ያን ቀን ከንጋት ጀምሮ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለአደን የመጣውን ፈረንጅ ጉርሻ። ሌላው ሰው ሁሉ አውሬ ሲያስብ እሱ ጉርሻ ያስባል። ስስታም ሆኖ እንዳይመስልህ። ሚስቱ ዘሊካ የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው በኦፕራሲዮን ነው። አሁን ደግሞ ሁለተኛው ደርሷል፤ ቀና ብላ መቀመጥ እንኳ አቅቷታል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቁርጡን ነግራታለች፤ "ቀንሽ ሳይደርስ ቆቦ ገብተሽ ሆስፒታሉ አጠገብ ሰንብቺ፤ ምጥ እዚህ ቆላ ከያዘሽ አንቺም ልጅሽም አትተርፉም።" ቆቦ መሰንበት ደግሞ ቤት መከራየት ነው፣ መብላት ነው፣ እዚህ ድረስ የሚመጣ ባጃጅ መለመን ነው። ፍየሎቹ በድርቁ አልቀዋል። ማሽላው አገዳ ሆኖ ቀርቷል። የአደን ድርጅቱ እንደ እሱ ያሉ የመንገድ መሪዎችን ደመወዝ የሚከፍለው ወቅቱ ሲያልቅ ነው፤ የዘሊካ ሆድ ግን ወቅት አይጠብቅም።

የጉርሻውን ነገር ያመጣው አስተርጓሚው ሕሉፍ ነው። ሕሉፍ አባቱ ከአላማጣ ወዲያ መጥተው ቆቦ የነገዱ፣ እሱም ቆቦ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው። በዋዜማው ኸይረዲንን ገለል አድርጎ፣ "ይሄ ፈረንጅ እኮ አደረቀኝ" አለው። "ለአደኑ ስንት ከፍያለሁ፤ ታዲያ ለመንገድ መሪው ጉርሻ መስጠት ደንብ ነው ወይስ ነውር እያለ ይነዘንዘኛል። ምን ልበለው?"

"እሱ ያውቃል" አለ ኸይረዲን፣ መሬት መሬት እያየ።

እስቲ አሁን ይሄ መልስ ነው? ሚስቱ እንዲያ ሆና፣ ቤቱ ባዶ ሆኖ፣ "እሱ ያውቃል"። ምን ይደረግ፣ እንዲህ ነን። አንጀታችን እየጮኸ "አሁን በልቼ ነው የመጣሁ" እንላለን፤ ባለቤቱ በግድ ጎትቶ ከገበታው እስኪያስቀምጠን ድረስ።

"እንግዲያው ራሱን ጠይቀው እለዋለሁ" ብሎ ሕሉፍ ሄደ።

በማግስቱ ኸይረዲን የጠመዝማዛ ቀንዱን አምባራይሌ ኮቴ ተከትሎ፣ ፈረንጁን በቁጥቋጦው መሐል እያጎነበሰ መርቶ ከአውሬው ፊት አደረሰው። ጥይቱ ጮኸ። አምባራይሌው ተንገዳግዶ ሲወድቅ ኸይረዲን ቢላዋውን መዝዞ ሮጠ። ደንቡ ቀንዱና ቆዳው ለአዳኙ፣ ሥጋው ለመንደሩ ነው፤ ነፍሱ ሳትወጣ ደርሶ ቢስሚላህ ብሎ ካላረደው ግን ለመንደሩ ሐራም ይሆናል። ደረሰበት፤ አረደው። እጁ በደም እንደተነከረ፣ "ያ ረቢ፣ ዛሬ አታሳፍረኝ" አለ በልቡ።

ያች ቢላዋ ናት እንግዲህ ጉዱን ያመጣችው። ሥጋው ሐላል መሆኑ ሲሰማ መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። በሬዲዮና በስልክ ያልተጠራ ሰው በሥጋ ይጠራል። የዘሊካ አባት ሸህ አህመድ ሳይቀሩ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡና ከቁርቁራው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ፈረንጁ ይሄን ሁሉ ሰው ሲያይ ደስ አለው። ከደረት ኪሱ ወፈር ያለ ፖስታ አወጣ፤ ፖስታውን እንደያዘ ብዙ ተናገረ።

ሕሉፍ ተረጎመ። "ኸይረዲን፣ እንዲህ ይላል፤ ያለ አንተ ይሄን አውሬ አላገኘውም ነበር። ምስጋናዬን በገንዘብ ብሰጥህ ቅር ይልሃል ወይ?"

ሥጋ የሚቆርጠው ቢላዋ ሁሉ ቆመ። ሰው ሁሉ ወደ ኸይረዲን ዞረ። አማቱም አዩት። የኸይረዲን ልብ ስጠኝ፣ ስጠኝ ይላል፤ አፉ ግን ሌላ ተናገረ።

"ኧረ የምን ገንዘብ፣ እንግዳ ሸኝቶ ዋጋ መቀበል በእኛ አገር ነውር ነው።"

ሸህ አህመድ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አማቻቸው አኮራቸው።

ይሄ እኮ እንቢታ አይደለም። የመጀመሪያው እንቢ በራያ ሰላምታ ማለት ነው። ሰጪው "ወላሂ ትቀበላለህ" ብሎ እጅህን ይይዛል፤ አንተ ትሸሻለህ። "በሞቴ" ይላል፤ አንተ "ተው እንጂ፣ ምነው" ትላለህ። በመጨረሻ ታግሎ ኪስህ ይከተዋል፤ አንተም እየተቆጣህ ትቀበላለህ፤ የሁለታችሁም ክብር በቦታው ይቀመጣል። ኸይረዲን እንዲያውም ለፈረንጁ እንዲመቸው ኪሱ ያለበትን ጎኑን አዙሮለት ነበር።

ፈረንጁ ግን ትርጉሙን ሰምቶ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ፖስታውን ወደ ደረት ኪሱ መለሰ። የኸይረዲንን እጅ በሁለት እጁ ጨብጦ ለረጅም ጊዜ ወዘወዘውና መኪናው ላይ ወጣ። የመኪናው በር ሲዘጋ እንኳ ኸይረዲን ተስፋ አልቆረጠም። አሁን መስኮቱን ያወርዳል፣ አሁን ይጠራኛል እያለ ቆመ። መኪናው በዘሊካ ደጅ አልፎ፣ ወደ ቆቦ አቧራውን አስነሥቶ ሄደ።

ቤት ሲገባ የዘሊካ እህት ኢልሀም ወሬውን ቀድማ አድርሳዋለች። ዘሊካ ለቆቦ የቋጠረችውን ጨርቅ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

"ስንት ጊዜ ለመነህ?" አለችው።

"አንድ ጊዜ።"

"አንድ ጊዜ ብቻ?"

"አንድ ጊዜ ብቻ። እኔ ምን ላድርግ፣ ሁለተኛውን እየጠበቅሁ ነበር።"

"ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ" አለች ዘሊካ ቀስ ብላ። "ደጃዝማችነቱስ በቀረ። መኪናው እኮ በደጄ ነው ያለፈው፤ እዚህ ቁጭ ብዬ አየሁት።"

ብትሰድበው ይሻለው ነበር። የቋጠረችውን ጨርቅ መፍታት ጀመረች። ፈትታ ሳትጨርስ ወገቧን ያዘች፤ ምንጣፉ ረጠበ። ኢልሀም "የሽርት ውሃዋ ፈሰሰ" ብላ ወደ ደጅ ሮጠች።

ቅሬው፣ የመንደሩ እድር፣ ተጠራ። ሬሳም ይሁን ሕመምተኛ የሚሸከሙት የቅሬው ጎረቤቶች ናቸው፤ ሥጋ ሊካፈሉ የተሰበሰቡትም እነሱው ናቸውና ሥጋውን ከቁርቁራው ሥር ጥለው ቃሬዛ አነሡ። ኸይረዲን፣ "እናንተ ይዛችኋት ተከተሉኝ፤ እኔ ቀድሜ መኪናውን ላግኝ" ብሎ የአሸዋውን ወንዝ ተሻግሮ ሮጠ። ለሕሉፍ ቢደውል አይነሣም። አሁንም ቢደውል አይነሣም። ያ ረቢ እኔን ቅጣኝ፣ እሷ ምን አደረገች እያለ ሮጠ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቆቦ ገባ። መኪናው ከሆቴሉ ግቢ ቆሟል። ፈረንጁ ከሌሎች አዳኞች ጋር ጠረጴዛ ከቦ ተቀምጧል፤ ኸይረዲንን ሲያይ ብድግ ብሎ አቀፈው፤ ለጓደኞቹ አንድ ነገር አላቸው፤ አጨበጨቡ።

"አንተን ነው ከቀትር ጀምሮ የሚያወራው" አለ ሕሉፍ። "በሄድኩበት አገር ሁሉ ጉርሻ አልፈልግም ያለኝ አንድ እሱ ነው ይላል።"

"ሕሉፍ፣ አንተ የዚህ አገር ልጅ አይደለህም? ድገምና ጠይቀው አትለውም ነበር?"

ሕሉፍ አቀረቀረ። "ብዬዋለሁ እኮ። እንቢ ያለን ሰው መነዝነዝ መናቅ ነው አለኝ።"

የሚያጨበጭቡት ሰዎች ገና እያዩት ነው። ኸይረዲን እዚያው፣ በነሱ ፊት፣ በጉልበቱ ወደቀ።

"አንዲት ሳታስቀር ንገርልኝ። ገንዘቡን ፈልጌው ነበር፤ እንቢ ያልሁት ውሸቴን ነው። አሁን ገንዘቡ ይቅርብኝ፤ መኪናውን ይስጠኝ። ሚስቴ በምጥ መንገድ ላይ ናት፣ ልትሞትብኝ ነው።"

ሕሉፍ ተርጉሞ ሳይጨርስ ፈረንጁ ቁልፉን ከጠረጴዛው አንሥቶ ወደ መኪናው እየሮጠ ነበር። አንድ ጊዜ ነው የተለመነው። ሁለተኛ አላስፈለገም።

ቃሬዛውን ከአሸዋው ወንዝ ወዲህ አገኙት። ዘሊካን ከመኪናው ኋላ፣ የአምባራይሌው ደም ገና ያልደረቀበት ቦታ ላይ አስተኟት። ቃሬዛውን ተከትለው የመጡት ሸህ አህመድም አብረው ወጡ። እሷ መጮኹን ትታ ነበር፤ ኸይረዲን ስሟን ደጋግሞ ሲጠራ ጣቷን ብቻ ታንቀሳቅሳለች።

ከመግሪብ ሶላት ብዙ ቆይቶ ሐኪሙ ከኦፕራሲዮን ክፍሉ ወጣ። "እናቲቱ ትተርፋለች" አለ። "ልጁን ግን አልደረስንበትም። ቀትር ላይ መጥታ ቢሆን ኖሮ..." የኸይረዲንን ፊት አይቶ ወደ ክፍሉ ተመለሰ።

ኸይረዲን ከኮሪደሩ ወለል ላይ ተቀመጠ። ቀትር ላይ መኪናው በደጁ አልፏል። ልጁን የገደልሁት እኔ ነኝ፣ በአፌ ነው የገደልሁት አለ። ሕሉፍ የሐኪሙን ቃል ለፈረንጁ ቀስ ብሎ ነገረው። ፈረንጁም ከዚያ ወደ ኸይረዲን መጣ፤ ምንም ሳይጠይቅ እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደ።

ሸህ አህመድ አጠገባቸው ቆመው ነበር። የኸይረዲን አፍ እንደ ልማዱ "ኧረ ግድ..." ብሎ ጀመረ። ከንፈሩን ነከሰው። ፖስታው ገና ከኪስ ሳይወጣ፣ በአማቱ ፊት፣ ሁለት እጁን ዘረጋ።