ወደፊት የዘመመ ፊደል

አባታችን የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ባልደረቦቹ «ነፋሱ» እያሉ ሲጠሩት ኖረው የወጣለት ስም ጠፍቶ ቀረ። አሁን ዓይኑ ደክሞ ከእኔ ጋር ይኖራል። የሰው ፊት አይለይም፤ ትልልቅና ጥቁር ነገር ብቻ ይታየዋል። ግትርነቱ ግን እንደ ዓይኑ አልደከመም።

መኪናውን አሁን የሚነዳው ታናሽ ወንድሜ ነው። ጠዋት ሲወጣም ማታ ሲመለስም በቤታችን ፊት ያልፋል፤ ብዙ ጊዜም መስኮታችን ትይዩ ያለው የትራፊክ መብራት ያስቆመዋል። አባዬ ልጁ መመለሱን በዓይኑ ካላየ እራት አይቀምስም። ደውዬ «ቤቱ ገብቷል» ብለው አያምነኝም። «አንቺ እኔን ለማብላት የማትዪው የለም» ይለኛል።

የእኔ ሥራ ፊደል መንደፍ ነው፤ ለማስታወቂያ፣ ለመጽሐፍ ሽፋን፣ ለሱቅ በር። እናም እስቲ ለአንድ አንባቢ ብቻ የሚሆን ፊደል ልንደፍ ብዬ ተነሳሁ። አባዬ ከመኪናው ጎን ላይ የሚለየው ፊደል።

እየነደፍኩ አተምኩና ከመስኮቱ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ላይ ለጠፍኩለት። «ጭጋግ» አለኝ። አወፈርኩት። «አሁንም ጭጋግ።» ለካ ክብ ነገር ዓይኑ ላይ ይቀልጣል! ስለዚህ ክቡን ሁሉ ሰባበርኩት፤ መጠምዘዣው ሁሉ ማዕዘን ሆነ። የሰፈሩ ማስታወቂያ ሁሉ ቀጥ ብሎ የቆመ ስለሆነ ከዚያ እንዲለይ ብዬ ወደ ቀኝ አዘመምኩት። አባዬ ወንበሩ ላይ ቀና አለ።

«ይሄኛው ጥርስ አለው» አለ።

ስሙ በዚያው «ባለጥርስ» ሆኖ ቀረ። አለቃዬ ሲያዩት ወደዱትና መቸብቸብ ጀመሩ። ጎማ ቤቱ ወሰደው፣ ጂሙ ወሰደው፣ «ታላቅ ቅናሽ» የሚል ሁሉ ወሰደው። እነዚህስ ይሁኑ፤ ፍራሽ ቤቱም ወሰደው! እንዲህ የሚሮጥ ፊደል ሥር ማን እንደሚተኛ እንጃ።

በመኪናው በሁለቱም ጎን፣ በነጭ ላይ በጥቁር፣ «ነፋሱ» ተብሎ ተጻፈ። በመጀመሪያው ጠዋት አባዬ መስኮቱን በመዳፉ እየመታ «ያው! ሄደ! አየሁት!» አለ። ደስ ብሎኝ አለቀስኩ።

ማታ ከሥራ ስመለስ ግን አሁንም መስኮቱ ጋ ነው። እራት አቀረብኩለት፤ አልነካውም።

«ምነው አባዬ?»

«አልመጣም። ቅድም ሸለብ አድርጎኝ ስነቃ መብራቱ ጋ ቆሞ አየሁት። እየወጣ ነው። በዚህ ሰዓት ደግሞ የት ይልኩታል?»

ወንድሜ ጋ ደወልኩ። አፉ በጉርሻ ተሞልቶ «ከገባሁ ቆየሁ እኮ» አለኝ። ለአባዬ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ያየሁት ፊደል ወደ ከተማው መውጫ ነው ያዘነበለው» አለ። ያንን ማታ ጦሙን አደረ፤ እኔም አልበላሁም።

ተጋድሜ ሳስብ ነው የገባኝ። በእኛ ሙያ ዘመም ያለ ፊደል ወደ ቀኝ ነው የሚዘመው፤ ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። በመኪናው ቀኝ ጎን ላይ ቀኝ ማለት ፊት ነው። በግራው ጎን ግን ቀኝ ማለት ጭራ ነው። ከእኛ መስኮት ሲሄድ ቀኙ፣ ሲመለስ ግራው ይታያል። መኪናው ከቆመ አባዬ የሚያየው ያንኑ ወደ መውጫው የዘመመ ፊደል ነው። ልጁ ወደ ቤቱ እየገባ፣ እሱ እየሸኘው ነበር።

በማግስቱ ለግራው ጎን ወደ ግራ የሚዘም ፊደል ልነድፍ ተቀመጥኩ። ገልብጬ እንዳልገላገል፣ የተገለበጠ ፊደል አይነበብም። አንድ በአንድ እንደ አዲስ ሣልኩት። የ«ሱ» ጭረት በጣም አስቸገረችኝ፤ በቀኙ ጎን ከፊት ትቀድማለች፣ በግራው ግን ከኋላ እየተጎተተች ትከተላለች።

አለቃዬ አዩትና ሳቁ። «ወደ ግራ የሚዘም ፊደል ሰካራም ነው የሚመስለው። ማን ይገዛሻል?»

«ገዢ አልፈልግም» አልኳቸው።

ወንድሜም አንገራገረ። «እትዬ፣ ጓደኞቼ መሳቂያ ነው የሚያደርጉኝ። ግራና ቀኙ የማይስማማ መኪና የት አይተሻል?»

«ግራና ቀኙን ባንዴ የሚያይ ሰው ካገኘህ አምጣልኝ።»

ሳቀ፤ ከዚያ አባዬ ጦሙን ማደሩን ስነግረው ሳቁ ጠፋ። ቁልፉን ወርውሮልኝ «ወስደሽ ቀቢው» አለ።

አዲሱ ፊደል በተቀባበት ማታ አባዬ አጠገብ ቆምኩ። መኪናው መጥቶ መብራቱ ጋ ቆመ። ምንም አልተነፈስኩም። አባዬ አንገቱን ወደ መስታወቱ አሰገገ፤ ትንሽ ቆየ።

«መጣ» አለ። ወንበሩን ከመስኮቱ ወደ ጠረጴዛው እየጎተተ «ምን ትጠብቂያለሽ? አቅርቢ እንጂ» አለኝ።

ለወንድሜ ደውዬ አባዬ ትንሽ ቆይቶ ፊደሉን እንደለየ፣ ወንበሩንም ወደ እራቱ እንዳዞረ ነገርኩት። «እሺ እትዬ» ብሎ ዘጋው።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ያንን መብራት ሲደርስ ወንድሜ አረንጓዴ ቢበራም አይነሳም። ከኋላው ጥሩምባ ይነፉበታል፣ ይሰድቡታል። «ነፋሱ» ተብሎ የተጻፈበት መኪና፣ ፊደሉ እየሮጠ፣ አባዬ ወንበሩን ከመስኮቱ እስኪያዞር እዚያው ቆሞ ይጠብቃል።