ያልተነሳው እንግዳ

1.

አልተነሳም።

2.

አቶ ጥጋቡ በሩን ከፍተው ሲገቡ ቤቱ ሁሉ «ኖር!» ብሎ ብድግ አለ። ልጃቸውን ሐመልማልን ሊያገባ ያሰበው ይልቃል ግን ሶፋው ውስጥ እንደተቀበረ ቀረ። አባወራው የወትሮውን «በእግዜር፣ ተቀመጡ» ሳይሉ ፊታቸውን አጥቁረው ወደ ጓዳ አለፉ።

3.

እንዴት እንደሚቀመጡ (አንዲት ሐኪም ለይልቃል እንደነገረችው)

እግርህ መሬት ይንካ። ጉልበትህ ከዳሌህ በላይ አይውጣ። ከወገብህ ጀርባ ትንሽ ትራስ አድርግ። ብዙ ሳትቆይ ተነሳ።

አንባቢ ሆይ፣ እርስዎስ አሁን እንዴት ተቀምጠዋል?

4.

ይልቃል ቪዲዮ ኤዲተር ነው። ጎብጦ የሰው ሠርግ ሲቆርጥ ሲቀጥል ይውላል። ወገቡን ካመመው ከርሟል፤ ከሐኪሟና ከሐመልማል በቀር ግን ለማንም ትንፍሽ አላለም። ለወገበ ሰባራ ማን ልጁን ይድራል!

5.

(ተራኪው ወገቡን ሊያፍታታ ተነስቷል።)




6. ስልክ

ሐመልማል፦ አባባ ንቆኛል እያለ ነው።

ይልቃል፦ እኔ?

ሐመልማል፦ «ላልተነሳልኝ ሰው ልጄን አልሰጥም» ብሏል። ንገረው በቃ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ይልቃል፦ ምን ብዬ? ሙሽራው ወገቡን ያመዋል ብዬ?

ሐመልማል፦ እሁድ ና። ከዚያ ወዲያ እኔም አልችልም።

7.

እሁድ።

ይልቃል ዘዴ ዘይዶ መጣ፤ በሩ አጠገብ ወዳለው የእንጨት ወንበር ሄደ።

«ውይ፣ እሱ የጥጋቡ ነው!» አሉ የሐመልማል እናት ወይዘሮ የሺመቤት። «ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ነድቶ፣ ሶፋ አይወድልኝም። እንግዳ እንጨት ላይ ይቀመጣል እንዴ? በሞቴ፣ ወደዚህ!»

እንግዳ ማክበር ለወገብ አያዝንም። ተቀመጠ።

ሰመጠ።

8.

ትራስ ፈለገ። ወደ ግራ ዞረ። ወደ ቀኝ። ወደ ጫፉ ተሳበ፤ ሶፋው መልሶ ዋጠው። ቆሜ ልጠብቃቸው ብሎ ሊነሳ ሲል ወገቡ ቀጨም አድርጎ ያዘው።

በሩ ተከፈተ።

9.

«ኖር!»

ሁሉም ተነሱ። ይልቃል በክንዱ ተደግፎ ታገለ፤ ላብ አጠመቀው፤ አልሆነም። አፈረ። ሐመልማልን ከማጣት ግን ማፈር ይሻለው ነበር።

«አባቴ፣ ንቀት አይደለም። ወገቤን ያመኛል። መነሳት አቃተኝ። ኖር።»

አቶ ጥጋቡ ደጃፉ ላይ እንደቆሙ ልጁን አዩት። ከዚያ ሶፋውን። አንድ እጃቸው ሳይታወቃቸው ወደ ገዛ ወገባቸው ሄደ።

10.

የ«ኖር»ን መልስ እርስዎም ያውቁታል። ከመሙላትዎ በፊት ግን ተነስተው ይንጠራሩ።

አቶ ጥጋቡ፦



«                              »