ያፈሩት ሃያ ሦስቱ

«ሠልስቱ ነገ ነው። ለዳቦው አምስት ኪሎ ዱቄት ይበቃል?» አለች ማርታ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ትዕግሥት በዐረብ አገር፣ ማርካ በሚባል ሰፈር፣ ማርታ በተከራየችው ክፍል ፍራሽ ላይ፣ ጥቁር ሻርፕ አስራ ተቀምጣለች። መርዶውን የሰማችው ዛሬ ጠዋት ነው። ታናሽ ወንድሟ ፀጋአብ ለማርታ ደውሎ «አባባ ትናንት አረፈ» አላት። ማርታ ደግሞ የአገር ልጆች ሰብስባ፣ ትዕግሥትን ከምትሠራበት ቤት፣ ዴር ግባር ከሚባለው ሰፈር አስጠራቻት። ማዳሟ ሦስት ቀን ፈቅዳላታለች።

የቤት አከራይዋ ኡም አሚር በፔርሙስ ስኳር የሌለው ቡና ይዛ ገባች። በዐረቦቹ ለቅሶ ቡና የሚቀርበው እንዲህ ነው። «አላህ ይርሐሞ» ብላ ነፍስ ይማር አለችና አጠገቧ ተቀመጠች።

ሟቹ ገብሩ ሙግት የሚወድ ሰው ነበር። ለሚሮጥ አህያ እንኳ «በሕግ አምላክ!» ይላል እየተባለ ይቀለድበታል። መንገድ ሊሠራ መሬቱ ሲወሰድም አልተደናገጠም፤ ሕጉን አስነብቦ ነበር። ለመሬቱ ብቻ ሳይሆን በላዩ ላለው ተክልም ካሳ አለ፤ ያፈራ ዛፍ እንዳፈራ ይገመታል። ገማቾቹ ግን ያፈሩትን ሃያ ሦስት የብርቱካን ዛፎች «ችግኝ» ብለው ጻፏቸው።

«በሠላሳ ቀን ውስጥ አቤት ማለት መብታችን ነው» ብሏት ነበር በስልክ። «ይቅርታ ልጄ፣ የላክሽልኝን ቀይ ሻርፕ ቀደድኩት። ያፈሩት ላይ በሙሉ አሰርኩት፤ አላየንም እንዳይሉ። ነፋስ እንዳይወስደው ሁለቴ ነው የቋጠርኩት።»

ድምፁን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማችው ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ በደወለች ቁጥር ፀጋአብ «ጉሮሮውን ታሟል፣ አትናገር ተብሏል» ይላታል። ከሦስት ሳምንት በፊት ደግሞ፣ «የመሬቱ ደብተር በአባባና በአንቺ ስም ነው። አቤቱታውን እንዳስገባ ውክልና ላኪልኝ» አላት። ማዳሟን ለምና፣ ሰርቪስ ታክሲ ተሳፍራ ኤምባሲ ሄደች፤ ፈርማ ላከችለት። ያስተማረችው ወንድሟ ነው፣ ምን ትጠርጥር።

ስልኳ ጠራ። አክስቷ ዘውዴ ናት።

«እግዜር ያጥናሽ ልጄ። አይዞሽ፣ አርባውን ቅዳሜ በደንብ እናወጣለን፤ ለቄሶቹም ተነግሯል።»

«የማን አርባ፣ አክስቴ?»

 «ፀጋአብ አባትሽ መቼ ሞተ ብሎ ነገረሽ?» ብላ ጠየቀች ዘውዴ።

«ትናንት።»

«ወይ ጉድ። በስደት ላለ ሰው መርዶ በቶሎ አይነገርም፣ ብቻዋን ሰው ቤት ነች ብሎ አፋችንን አስያዘን። እውነት መስሎን ነበር እኮ።»

«አቤቱታውስ?»

«የምን አቤቱታ? በግምቱ ተስማምቶ ፈረመ። አንቺም ተስማምተሻል ብሎ ወረቀትሽን አሳየን። ዛፎቹ ባለፈው ሳምንት ተነቀሉ። እሱማ በካሳው ባጃጅ ገዝቶ ይነዳል።»

ትዕግሥት ስልኩን ዘግታ ቀኑን ወደኋላ ቆጠረች። አባቷ ሲቀበር እሷ የማዳሟን ልጅ የልደት ኬክ እየቆረጠች ትስቅ ነበር። ይህ አንገበገባት። ከሁሉ በላይ ያቃጠላት ግን የገዛ እጇ ነው። አባቷ እምቢ ያለው ግምት በእሷ ፊርማ ጸደቀ።

ለፀጋአብ ደወለች።

«አባባ መቼ ሞተ?»

«እህቴ… ለአንቺ ብዬ ነው። እንዳትደነግጪ።»

«መርዶ የሚቆየው የአቤቱታው ሠላሳ ቀን እስኪያልፍ ነው እንዴ?»

«አባባ ሞቷል፤ ማን ይሟገታል ብለሽ ነው?»

«እኔ ነበርኩ» አለችው። «ውክልናውን እሽረዋለሁ። ቀኑ ቢያልፍም አቤት እላለሁ።» መልሱን አልጠበቀችም።

አጠገቧ ሆና ሁሉን የሰማችው ማርታ ትከሻዋን ያዘቻት። «ኻላስ፣ በቃ ተይው። ዛፉም የለ። በሐዘን ላይ ከወንድም መጣላት አያምርም።»

«ዱቄቱን ለቅዳሜ አድርጊው» አለች ትዕግሥት። «ሠልስቱ ካለፈ ቆይቷል።»

ተነስታ ወደ ግቢው ወጣች። የኡም አሚር ሎሚ ዛፍ አጥሩ ጥግ ፍሬውን ተሸክሞ ቆሟል። ሻርፗን ከአናቷ ፈታች፤ ጠርዙን በጥርሷ ነክሳ ረዘም ያለ ቁራጭ ቀደደችለት። ኡም አሚር በር ላይ ሆና ታያታለች። ትዕግሥት ጥቁሩን ጨርቅ ግንዱ ላይ አዞረችውና ሁለቴ ቋጠረችው።