ገመዱ ተነቅሎ ሳለ

ሰናይት በውኃ ምህንድስና ከተመረቀች ሁለት ዓመት ቢያልፋትም ሥራ አላገኘችም። አርባ ምንጭ ተቀምጣ የሰው ሰርግና ምርቃት በስልኳ እየቀረጸች ነበር የምትኖረው። አንድ ሐሙስ ግን ልክነሽ የምትባል የመንግሥት ሠራተኛ ለየት ያለ ሥራ ይዛላት መጣች።

«ዶርዜ ያለው የአባቴ ቤት ሊነሳ ነው። እግሩን ምስጥ በልቶታል። ከመነሻው እስከ መድረሻው ሳታቋርጪ ቅረጪልኝ» አለቻት።

የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ የተጎነጎነ ስለሆነ ጎረቤት ተሰብስቦ እንዳለ ተሸክሞት ይሄዳል። ሰናይት ይህን በወሬ እንጂ በዓይኗ አይታው አታውቅም። የስልኳ ሜሞሪ ደግሞ ሞልቷል። ሲቀላ ሰፈር ስልክ የሚጠግነው ይፍሩ መዳፍ የማትሞላ ጥቁር ዲስክ አውጥቶ ሰጣት።

«በዚህ ገመድ ከስልክሽ ጋር አገናኚያት። ቪዲዮው ስልኩ ላይ ሳያርፍ በቀጥታ እሷ ላይ ይገባል። ገመዱ እንዳይነቀል ብቻ ተጠንቀቂ፤ ከተነቀለ ቀረጻው እዚያው ይቆማል።»

ቅዳሜ ጠዋት ዶርዜ ስትደርስ ጉሙ ገና ከእንሰቱ ላይ አልተነሳም ነበር። የልክነሽ አባት አቶ ኤርጫፎ ነጠላቸውን ተከናንበው ደጃፍ ቆመዋል። አዲስ አበባ ሽመና ሲሠሩ ስለኖሩ አማርኛ አይቸግራቸውም። ባለቤታቸው እዚህ ቤት ውስጥ ካረፉ ዓመት ሊሆናቸው ነው። ሠላሳ የሚሆኑ ወንዶች ቤቱን ከበው መሸከሚያ እንጨት ከሥሩ ሲያስገቡ፣ ሽማግሌው እጃቸውን አነሱ።

«ሁላችሁም ከውጭ ያዙ። ውስጥ ማንም እንዳይገባ!»

«ከውስጥም የሚደግፍ ያስፈልጋል እኮ» አለ አንዱ።

«አልኩ እኮ!»

ቤቱ ብድግ ሲል የአንዱ ተሸካሚ ትከሻ ሰናይትን ገጫትና ገመዱ ተነቀለ። ስልኩ «ማከማቻው ተቋርጧል» ብሎ ቀጥ አለ። መልሳ ብትሰካው፣ ብትነቅለው፣ በቀሚሷ ጫፍ ጠራርጋ ብትሞክረው እምቢ አላት። ቤቱ እየሄደባት ነው። ዲስኳን የጃኬቷ ኪስ ውስጥ ከተተችና እያለከለከች ተከተለች። ከርቀት ሲታይ ትልቅ እንስሳ በእንሰቱ መሃል ቀስ ብሎ የሚራመድ ይመስል ነበር።

አዲሱ ቦታ ደርሰው ሲያስቀምጡት እንደገና ዲስኳን አውጥታ መሰካካት ጀመረች። በዚህ መሃል ከኋላዋ አንድ ሰው የጃኬቷን ጫፍ ሳብ አደረገው። የመንደሩ ልጆች ስልኩን ማየት ፈልገው መስሏት ዞር ሳትል «ቆይ፣ ቆይ» አለች። ስልኩ አሁን ዲስኳን ተቀበላት። የቤቱን ምርቃትና ግብዣውን ቀርጻ ተመለሰች።

ሰኞ ረፋድ ላይ ይፍሩ ሱቅ ቁጭ ብላ ዲስኳን ላፕቶፕ ላይ ከፈተች። ሁለት ፋይል ጠብቃ ነበር፤ ሦስት አገኘች። የመሃለኛው ከአራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ይጀምርና አራት ሰዓት ከሃያ ስድስት ላይ ያበቃል። ገመዱ ከተነቀለበት እስከተሰካበት ድረስ መሆኑ ነው።

ከፈተችው።

ጨለማ ነው። ከዚያ ከታች ብርሃን ገባ፤ ግድግዳው ከመሬት ሲነሳ። በክፍተቱ ዙሪያውን የተሸካሚዎቹ እግሮች ይታያሉ። ቀርከሃው ይንቋቋል። ያለ ጥርጥር የቤቱ ውስጥ ነው። መሃል ላይ ደግሞ፣ ማንም ሊኖር በማይገባበት ቦታ፣ የተሰነጣጠቀ ተረከዝ ያላቸው የአሮጊት እግሮች ቤቱ ሲሄድ እየሄዱ፣ ሲቆም እየቆሙ ይራመዳሉ። ከአጠገባቸው ትንንሽ የልጅ እግሮች ላለመቅረት ሱክ ሱክ ይላሉ።

ይፍሩ የያዘውን ስልክ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ማን ነው የቀረጸው?»

«እኔ እንጃ። ዲስኳ ኪሴ ውስጥ ነበረች።»

«ሰናይት፣ ይህቺ ዲስክ ዓይን የላትም። ካሜራ ካልሰጣት ምንም አትይዝም።»

መጨረሻው ደቂቃ ላይ ቤቱ ተቀመጠ። ትንንሾቹ እግሮች በበሩ ወጥተው በሣሩ ላይ ሮጡ። የአንዲት ሴት ጀርባ ታየ፤ ሰማያዊ ጃኬት ለብሳ ስልክ ላይ አቀርቅራለች። ትንሽ እጅ ወጣና የጃኬቱን ጫፍ ጨበጠ። «ቆይ፣ ቆይ» የሚል የራሷ ድምፅ ተሰማና ፋይሉ አበቃ።

ውጭ ባጃጆቹ ጥሩንባቸውን ይነፋሉ። ሰናይት የለበሰችውን ያንኑ ሰማያዊ ጃኬት ለማውለቅ እጇን ወደ ዚፑ ላከች፤ ግን ዘወር ብላ ማየት ፈራችና ተወችው።

በማግስቱ ከልክነሽ ጋር ዶርዜ ወጡ። አቶ ኤርጫፎ አዲሱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ላፕቶፑን ጭናቸው ላይ አደረጉና ቪዲዮውን አዩት። የአሮጊቷ እግሮች ሲታዩ ትከሻቸው ረገብ አለ።

«እናትሽ ናት። ቤቱ ሲነሳ እዚያ ባዶ መሬት ላይ ትቀራለች ብዬ ስፈራ ነበር። የምትራመድበት ቦታ እንድታገኝ ነው ሰው የከለከልኩት።»

«የልጅ እግሮቹስ አባ? የማን ናቸው?» አለች ልክነሽ።

ሽማግሌው ጣታቸውን ትንንሾቹ እግሮች ላይ አሳረፉ። «ካንቺ በፊት አንዲት ነበረችን። በሦስት ዓመቷ ኩፍኝ ወሰዳት። እናትሽ ስሟ እንዳይነሳ አስማለችኝ፤ አላነሳሁም።»

ልክነሽ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ የበኩር ልጅ ነኝ ስትል ነው የኖረችው።

ቪዲዮው ሲያልቅ አቶ ኤርጫፎ ቀና ብለው ሰናይትን ሳይሆን ከሰናይት ጎን ያለውን ተመለከቱ።

«ልብስሽን እንደያዘች ነው ያለቀው። የኔ ልጅ፣ ተከትላሽ ወርዳ ይሆን እንዴ?»

ሰናይት ቅዳሜ ከዶርዜ ስትወርድ ሚኒባሱ ሰው በሰው ላይ ታጭቆ ሳለ ከጎኗ ያለውን ወንበር ሁሉም እያየ አልፎት እንደሄደ ትዝ አላት። ያኔ ዕድል ነው ብላ ቦርሳዋን ልታስቀምጥበት አስባ፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቀው ተወችው።

ሽማግሌው ላፕቶፑን ለልጃቸው ሰጥተው ተነሱ። ቀረብ አሉና የጃኬቷን ጫፍ በሁለት ጣታቸው ያዙ። ጎንበስ ብለው በጋሞኛ ለስላሳ ነገር ተናገሩ፤ መጀመሪያ ስም ጠሩ፣ ከዚያ ሰናይት እንኳ ከገበያ የለመደችውን ቃል፣ «ነይ» የሚባልበትን፣ ደጋገሙ። የጃኬቷ ጫፍ አንድ ጊዜ ወደ ታች ተሳበ። ከዚያ ተለቀቀ።

አቶ ኤርጫፎ አንድ እጃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የሚመራው ልጅ እንዳይደናቀፍ እንደሚጠነቀቅ ሰው፣ የኋሊት እየተራመዱ ገቡ። በሩን ዘጉ። ከውስጥ ድምፃቸው ይሰማ ነበር፤ ያወራሉ፣ ዝም ይላሉ፣ ደግሞ ያወራሉ።

ልክነሽ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። እንባዋን በመዳፏ ጠረገችና ሰናይትን በቀስታ ጠየቀቻት።

«ማን ብለው ነው የጠሯት? እኔ ጆሮዬ ጮኸብኝ፣ አልሰማሁም።»

«ዓለምጸሐይ» አለቻት ሰናይት።

ልክነሽ ስሙን አንድ ጊዜ ለራሷ አለችው። ከዚያ ወደ በሩ ዞራ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ እንደገና ጠራችው።