ባለ አምስት እግሯ ግመል

ዋሴ ዓረብ አገር፣ ሙሳፋህ ወዳለው የታፔላ ወርክሾፕ ሲመጣ በእጁ የያዘው ሙያ የስልክ ሽፋን መሸጥ ነበር፤ በአፉ የያዘው ግን ለአንድ አገር ይበቃል። ለወርክሾፑ ኃላፊ ለአንዋር ሚስት የአክስት ልጅ ስለሆነ «ምን ትችላለህ?» ብሎ የጠየቀው የለም። ኮምፒዩተር ፊት ተቀመጠ፣ ወንበሩን እስኪጮኽ ወደ ኋላ ለጠጠውና «ዲዛይነር ነኝ» አለ። በቃ፣ ዲዛይነር ሆነ።

ከጎኑ የምትሠራው ሪሐና ይህን ሁሉ በዓይኗ ጠርዝ ታይ ነበር። ሪሐና የደሴ ልጅ ናት። ሳዲያት ደሴት አንዲት ማዳም ቤት ዓመታት ሠርታ፣ በዕረፍት ቀኗ ዲዛይን ተምራ፣ አንድ ቀን ኸላስ፣ በቃኝ ብላ ከሰው ቤት የወጣች ሴት ናት። ምላሷ ስለት እንዳለው እሷም አትክድም። ከደንበኛ የመጣን ፎቶ ወደ መቁረጫው ማሽን ከመላኳ በፊት ዳር ዳሩን በማውስ እየተከተለች መስመር በመስመር ትስለዋለች። ማሽኑ ፎቶ አይገባውም፤ የሚቆርጠው መስመር ተከትሎ ነው።

ዋሴ ይህን ሥራዋን «ጥልፍ» ይለዋል።

«አንቺ ልጅ፣ እስካሁን ጥልፍ ላይ ነሽ? አንዲት ቁልፍ እኮ ናት!» ይላል። ፎቶውን ያስገባል፣ ቁልፏን ይጫናል። ፕሮግራሙም ፎቶውን ሸንሽኖ ጥቁሩን ለብቻ፣ ነጩን ለብቻ፣ ገና እንዳልተሰፋ የልብስ ቅዳጅ የተለያየ ቅርጽ አድርጎ ያቀርብለታል። እያንዳንዱን ማንቀሳቀስ፣ ቀለሙን መቀየር፣ ማጥፋት ይቻላል። እስከዚህ እውነቱን ነው። ግን ፕሮግራሙ የሚያውቀው ጨለማና ብርሃን ብቻ ነው፤ ሰው ይሁን ግድግዳ፣ ግመል ይሁን ጥላ ደንታም የለው። ያንን መለየት ዓይን ያለው ሰው ሥራ ነው። ዋሴ ደግሞ ቁልፏን ከተጫነ በኋላ ዓይኑ ያለው ቲክቶክ ላይ ነው።

አንድ ሰሞን ከአል ዓይን ከተማ ትልቅ ትእዛዝ መጣ። ሙባረክ የሚባሉ ሽማግሌ፣ ገዛላ የምትባል የእሽቅድምድም ግመላቸው ከጥቁር ላሜራ ተቆርጣ የእርሻቸው በር ላይ እንድትቆም ፈለጉ። ጀምበር ስትጠልቅ የተነሳ የግመሏን ፎቶ በዋትሳፕ ላኩ። አንዋር ሥራውን ለዘመዱ ሰጠው። ዋሴም ቁልፏን ተጫነ።

ሪሐና አንገቷን ሰገግ አድርጋ ስክሪኑን አየች።

«ዋሴ፣ ይሄ ከሆዷ ሥር ያለው ምንድን ነው?»

«የቱ?»

«ይሄ፣ ከፊትና ከኋላ እግሮቿ መሃል የቆመው።»

«ጥላ ነዋ!»

«ጥላ ቆሞ ታውቃለህ?»

«ሪሐና፣ ቅናት ፊት ያበላሻል ይባላል» አለና ወደ ስልኩ ተመለሰ።

አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል አለች በሆዷ። ፎቶውን ከፍታ ማየት ትችል ነበር፤ ነገሩ ከአንድ ደቂቃ አያልፍም። አላደረገችውም። ይስቀለውና ይዋረድ፣ ብላ ተወችው።

ላሜራው ተቆርጦ፣ ተቀብቶ ፒካፕ ላይ ተጫነ። በያጁ አወል ይነዳል፤ ዋሴ ከፊት ተቀምጦ መንገዱን ሁሉ ስለ አርት ያስተምራል። ሪሐና አረብኛዋ ጥሩ ነውና አስተርጓሚ ተብላ ከኋላ ወንበር ተቀምጣለች። የጀበል ሃፊት ተራራ በሩቁ እንደታየ ወደ እርሻው ታጠፉ። አወል በሩ ላይ ወጥቶ በየደው። ዋሴ ጨርቅ አልብሶት ስለነበር ስልኩን ቪዲዮ ላይ አድርጎ፣ እንደ ሐውልት ምርቃት ጨርቁን ሳብ አደረገ።

ሙባረክ ከላይ እስከ ታች አዩት። ቀጥሎ ከዘራቸውን አነሱና እግሮቹን መቁጠር ጀመሩ። «ዋሒድ፣ ኢትነይን፣ ተላታ፣ አርበዓ...» ከዘራው አየር ላይ ቆመ።

«ይህችን እግር ማን ጨመረላት?»

ሪሐና ተረጎመች። ዋሴ ቪዲዮውን ሳያጠፋ ተመናጨቀ። «ሞደርን አርት ነው በያቸው! ፍጥነቷን ለማሳየት ነው።»

ሪሐና አንዲት ቃል ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ ተረጎመችላቸው። ይህን ጊዜ ስትጠብቀው ነበርና ፈገግታዋን መደበቅ አቃታት።

«በአራቱ ሁሉንም ስትቀድም ኖራለች» አሉ ሽማግሌው። «አምስተኛው የአንተ ከሆነ ውሰደው።»

በዚህ መሃል ገዛላን በገመድ ይዞ ቆሞ የነበረው ሰው ቀረብ አለ። ጀፋር የሚባል የባቲ ሰው ነው፤ የሙባረክን ግመሎች የሚጠብቀው እሱ ነው። ላሜራውን ሽቅብ አየው፣ ጎንበስ ብሎም አየው።

«እህቴ» አላት በአማርኛ፣ «ይሄማ የኔ እግር ነው።»

«ምን?»

«ወላሂ! ፎቶ ሲያነሷት እኮ ከኋላዋ ገመዷን ይዤ ቆሜ ነበር።» ጀለቢያውን ሰብሰብ አድርጎ ቅልጥሙን አሳያት። «ያውና፣ ከሻኛዋ ጎን እብጠት የሚመስለው ደግሞ ጥምጣሜ ነው።»

አወል ሳቁን መቆጣጠር ስላቃተው ፊቱን ወደ ፒካፑ አዞረ። የሪሐና ፈገግታ ግን ከፊቷ ላይ ጠፋ። ይዛ የመጣችውን ላፕቶፕ የመኪናው ኮፈን ላይ ዘርግታ ፎቶውን ከፈተችው። እውነትም ሰውየው አለ። ከጀምበሯ ፊት እሱም ግመሏም እኩል ጠቁረው፣ ፕሮግራሙ አንድ ሥጋ አድርጎ ሰፍቷቸዋል። በመሃላቸው መስመር አሰመረች፣ ቅርጹን ለሁለት ከፈለችው፣ አንዱን ይዛ ወደ ጎን ጎተተችው። ግመሏ ባለ አራት እግር ሆነች፤ ከጎኗም ቀጭን ሰው እጁን ዘርግቶ ብቻውን ቆመ።

እግሩን አይታዋለች፤ እዚያው ሙሳፋህ፣ ከዋሴ ትከሻ በላይ። የማን እግር ነው ብላ ግን አልጠየቀችም። ዋሴስ ዕውር ነው፤ አንቺ ምን ነሽ? አለችው ራሷን።

ሙባረክ ስክሪኑን አዩ። ጀፋርም በትከሻቸው በኩል አጮለቀ።

«ሰውየው ይውጣ» አሉ ሽማግሌው። ክፋት የለበትም፤ ቴምር ላይ ያረፈ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው ነው የተናገሩት። «ግመሏ ብቻዋን ትቅር።»

ሪሐና ቀና ብላ ጀፋርን አየችው። ጀፋር ገመዱን እጁ ላይ እየጠመጠመ ነው።

«አጥፊው፣ አብሽሪ» አላት። «በሩ የሳቸው ነው።»

አጠፋችው።

አዲሱን ላሜራ ሪሐና ራሷ ሠራችው። ዋሴ በዚያው ሳምንት የባለ አራት እግሯን ፎቶ ቲክቶክ ላይ ለጥፎ «የኔ ዲዛይን» ብሎ ጻፈበት፤ ሕዝቡም ጎሽ አለው። ሪሐና አስተያየቶቹን አንብባ ስልኳን ዘጋችና ከወዳደቀ ቁራጭ ላሜራ ላይ ያንን ሰው ለብቻው ቆረጠችው። አወል ግመሏን ሊሰቅል ሲሄድ አስይዛ ለጀፋር ላከችለት።

አወል ሲመለስ ዋሴ አንድ የምግብ ቤት ደንበኛ ፊት ጉራውን እየነዛ ነው። ሪሐና አወልን ወደ በሩ ጠራችው።

«ሰጠኸው? ምን አለ?»

አወል ራሱን አከከ። «ብዙ አየው። ከዚያ ‹ሰላም በላት፤ ግን ገመዱንም ግመሏንም ነጥላ እጄን ዘርግታ ብታቆመኝ ለማኝ አስመሰለችኝ› አለ።»

ሪሐና ፊቷ ጋለ። «ጣለው በለኛ!»

«ኧረ አልጣለውም። ክፍሉ በር ላይ በሚስማር መታው። እጁ ላይ ፎጣውን ሰቅሎበታል።»

ሪሐና ሳቀች፤ አወልም ተከተላት። ከውስጥ የዋሴ ድምፅ ለደንበኛው ስለ ብርሃንና ጥላ ያስረዳል።

«ምንም ቢሆን ከዚህኛው ይሻላል» አለች ሪሐና በአገጯ ወደ ውስጥ እያመለከተች፤ «እሱ ቢያንስ ፎጣ ይይዛል።»