መዳፍ ላይ የተቀመጠው ቁጥር

መርከቧ ከሃሊፋክስ ወደብ የምትነሳው ቀትር ላይ ነው። ኦዴት ሱሬት ግን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምራ አልነቃ ያለ ማሽን ላይ እንዳቀረቀረች ናት። ማሽኑ ያለው መርከቧ ባሕር ላይ የምትተክለው፣ ማዕበል የሚለካ ቢጫ ተንሳፋፊ ሆድ ውስጥ ነው፤ ካልነቃ የሎብስተር አጥማጆቹ የበረዶውን ወራት ሙሉ የማዕበሉን ከፍታ ሳያውቁ ይወጣሉ።

ችግሩ የመጣው ትናንት ለመዝገብ የሚሆን ሌላ ባዶ ዲስክ ሲጨመርለት ነው። ማሽኑን የሚቀሰቅሰውን ፕሮግራም የጻፈችው ራሷ ናት፤ አምስት መቶ አሥራ ሁለት ባይት፣ ከዚያ በላይ ቦታ የለውም። ሥራው ማሽኑን የሚመራውን ዋና ሥርዓት ከዲስክ ፈልጎ ማስነሳት ነው።

«ኦዴት፣ ይሄ ዕቃሽ ከአማቼ የባሰ እንቅልፋም ነው» አለ የመርከቧ ካፒቴን ሎርን። «የዲስኮቹን ገመዶች አቀያይሪያቸውና እንሂድ!»

አቀያየረቻቸው፤ ማሽኑ ነቃ። መብራቱ በራ። ሎርን አጨበጨበ።

«ባሕር ላይ አንዱ ዲስክ ዘግይቶ ቢነሳና ተራቸው ቢለዋወጥስ? ዋኝተህ ትቀይራለህ?» አለችው።

«በዚህ ብርድ? አማቼን እልካለሁ።»

ኦዴት ገመዶቹን ወደ ቦታቸው መልሳ ኮዷን መስመር በመስመር አነበበች። ሦስተኛው መስመር «ከመጀመሪያው ዲስክ አንብብ» ይላል፤ በማሽኑ አቆጣጠር የመጀመሪያው ዲስክ ቁጥር 128፣ የሁለተኛው 129 ነው። ስትጽፈው ጠረጴዛዋ ላይ የነበረው አንድ ዲስክ ብቻ ነበር። እንደ ሥራ ባልደረቦቿ ሁሉ «አንዱ» እና «የመጀመሪያው» ለእሷም ያው ነበሩ።

የመመርመሪያውን ገመድ ሰክታ ማሽኑን ልክ ኮዷ ሥራ ሊጀምር ሲል አቆመችው። ማሽኑ ቁጥር የሚይዝባት አንዲት ጠባብ ቦታ ላይ 129 የሚል ቁጥር ተቀምጧል።

ማን እንዳስቀመጠው ገባት። ማሽኑን መጀመሪያ የምታስነሳው ትንሽ ቺፕ የመጀመሪያውን ዲስክ፣ አዲሱን፣ ሞክራ፣ ባዶ ሆኖባት፣ ወደ ሁለተኛው ሄዳ ነበር። ኮዷን እዚያ አግኝታ ስታነሳው፣ ያገኘችበትን ቁጥር መዳፉ ላይ አስቀምጣለታለች። ምንም ሳያውቅ ለሚነቃ ፍጡር ከየት እንደመጣ ተነግሮታል፤ በነቃ ቁጥር፣ ሁልጊዜ። የእሷ ሦስተኛ መስመር ደግሞ ሁልጊዜ በ128 ይደመስሰዋል።

መስመሩን ሰረዘችው። ሁለት ባይት ብቻ ነበር።

መብራቱ በራ። ገመዶቹን ቀያየረች፤ በራ። መለሰች፤ በራ። ሎርን ቆቡን ከፍ አድርጎ ተጠጋ።

«ምን ጨመርሽበት?»

«ምንም። የሚነገረውን እንዳይሰማ ጆሮውን ደፍኜበት ነበር፤ ለቀቅኩለት።»

ሎርን ለክሬኑ ሠራተኛ በእጁ ምልክት ሰጠ። ለቀትር ስድስት ደቂቃ ሲቀር የክሬኑ መንጠቆ ወረደ፤ ቢጫው ተንሳፋፊም እያበራ ከመሬት ተነሳ።