ሬዲዮ የሚረብሸው ቆብ

"ያዢው! አጥብቀሽ ያዢው እንጂ፣ እባብ ነው እንዴ?" አለ አጎቷ።

ልጅቱ ለሞተሩ ብልጭታ የሚሰጠውን የካንዴላ ገመድ ጨብጣ ጫፉ ላይ ያለውን ቆብ ሳብ ብታደርገው፣ እንደ በሰለ ፍሬ ያለ ትግል እጇ ላይ ወደቀ። ከሳሎን የለቀስተኞች ሹክሹክታ ይሰማል። ሁለቱ ግን ጓሮ፣ ከሟቹ አባቷ አሮጌ ሞተር ሳይክል ሥር ተንበርክከዋል።

አጎቷ ጠዋት ቁርጡን ነግሯታል። "እናትሽ በመስኮት ባየችው ቁጥር ቁስሏ ያገረሻል። እስከ ማታ ካልተነሳ ነገ ለብረት ሰብሳቢ እሰጠዋለሁ።" ክፋት አልነበረበትም፤ የወንድሙን ሞተር ዝገት ሲበላው ማየት እሱንም አንገብግቦታል። እሷ ግን "ይነሳል!" ብላ መለዋወጫ ሱቅ ሮጠች። አዲስ ገመድና ሁለት ዓይነት ቆብ ይዛ ተመለሰች።

አሁን የአሮጌውን ገመድ ጫፍ በቢላ ላጠችና ዓይኗ በራ።

"ጋሼ፣ ይዩት! መዳብ የለውም!"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"ካርቦን የተነከረ ክር። የመኪና ገመድ ነው! ቆቡ ውስጥ ብሎን አለ፤ መዳብ ካላገኘ ምኑን ይነክሳል? አባዬ ጥርስ ላለው ቆብ ጥጥ አጉርሶታል!"

አጎቷ ከት ብሎ ሊስቅ ሲል ለቀስተኞቹ ትዝ አሉትና አፉን በመዳፉ ከደነ። "አይ ወንድሜ! ያገኘውን ሳይሰካ አያድርም ነበር። ይሄን እንደሰካ ወዲያው ታመመ፣ ሞተሩም አብሮት ተኛ።"

አዲሱን ባለመዳብ ገመድ ለክታ ቆረጠች። አጎቷ ከሁለቱ ቆቦች የሚያብለጨልጨውን አነሳ።

"ይሄ ይሁን። ባለሱቁ ምን አለሽ?"

"እሱ ውስጡ ረብሻውን የሚገታ ሬዚስተር ስላለው ሬዲዮ አይረብሽም። ያኛው ባዶ ነው፤ እንደ ድሮው የአባዬ ቆብ የሰፈሩን ሬዲዮ ሁሉ ያንጫጫል።"

"አለቀ! የማይረብሸውን ነዋ!"

ልትገጥመው ስትል እጇ ቀጥ አለ።

ያኔ፣ አባቷ በሕይወት ሳለ፣ አመሻሽ ላይ የሬዲዮው ዜና አንባቢ ድንገት በጠጠጠጠ ይዋጥ ነበር። ሞተሩ ገና መታጠፊያው ላይ ነው፤ ድምፁ ለጆሮ አልደረሰም። እናቷ "መጣ ረባሼ!" ትልና የአባቷን የቤት ጫማ አፍንጫውን ወደ ውስጥ አዙራ በሩ ሥር ታስቀምጣለች። አባቷ ሁልጊዜ "ማን ነገረሽ?" ይላል። "ሬዲዮው ነዋ! ካንተ የበለጠ ምን ዜና አለ?"

"ጋሼ፣ ባዶውን ነው የምገጥመው" አለች።

"አብደሻል?"

"ግዴለም፣ ይመኑኝ።"

ቆቡን አዞረችው። ብሎኑ መዳቡን ሲነክስ በጣቶቿ ተሰማት። አጎቷ መርገጫውን ረገጠ። ዝም። ደገመው። ሞተሩ እንደ ጉንፋናም ሽማግሌ ክህ ክህ አለ።

"ነዳጅ ስጪው! ስጪው!"

ግቢው ተናወጠ። አጎቷ ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስቶ "ተነሳ! ተነሳ!" እያለ ዘለለ።

"ምን ጉድ ነው? ሐዘን ቤት እኮ ነው!" ብላ አክስቷ መስኮቱን በረገደችው።

ልጅቱ ከአክስቷ ትከሻ በላይ ወደ ሳሎኑ አየች። እናቷ ከለቀስተኞቹ መሃል ተነስታለች። ከቀብሩ ወዲህ ማንም ያልነካውን ሬዲዮ ከፈተችው። ጠጠጠጠጠ።

"በቃ፣ ሞተሩን አጥፊው" አለ አጎቷ ቀስ ብሎ።

ልጅቱ አላጠፋችውም። እናቷ ከሶፋው ሥር የቤት ጫማውን አውጥታ፣ አቧራውን በቀሚሷ ጠርጋ፣ በሩ ሥር አስቀመጠችው። አንደኛው ጠመም ብሎ ነበር። ጎንበስ ብላ አቃናችው።